ሴባስቶፖል ቢተኩስ ኖሮ?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ሥራዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ማታ ማታ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ሴባስቶፖልን አያለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ አጼ ቴዎድሮስ ይሄን መድፍ መቅደላ ላይ በደንብ ቢተኩሱት ኖሮ እንግሊዞቹን ይመልሱ ነበር? ሁለተኛ፣ ለመሆኑ መድፍ በታሪክ ጦርነት ወስኗል ወይስ ድምፁ ብቻ ነው የሚያስፈራው? ሦስተኛ፣ ድሮን ከመጣ ወዲህ መድፍ አበቃለት ይላሉ። እርስዎ የመድፈኛ ሰው ስለሆኑ ቢነግሩኝ።»

ሰላም ወንድሜ። አጭሩን ላስቀድም። ለመጀመሪያው፦ አይመልሱም ነበር። ለሁለተኛው፦ አዎ፣ ደጋግሞ ወስኗል። ለሦስተኛው፦ ገና ነው። ረዥሙን ከፈለግክ ታክሲው እስኪመጣ አንብበው፤ ያ ሰልፍ መቼም ቶሎ አያልቅም። የሀገራችንን ዘመን በዓ.ም. እጽፋለሁ፣ የውጭውን በፈረንጆቹ።

መጀመሪያ ስለምታየው ነገር እናውራ። አደባባዩ ላይ ያለው ቅጂው ነው። ዋናው ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። የሠሩት ዋልድማየርና ጓደኞቹ ናቸው፤ ወንጌል ሊያስተምሩ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅበትም ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ እንደገና ሞክረው በመጨረሻ ይሄን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ጉድ አወጡ። ስሙ ከክራይሚያ ጦርነት የመጣ ነው። ሴባስቶፖል በ1854 እና በ1855 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከአጋሮቻቸው ጋር ለወራት የከበቧት የሩሲያ ከተማ ነች።

ነገ ማታ ስትሄድ ቅርጹን ልብ ብለህ እየው። አፉ ሰፊ ነው፣ ቁመቱ አጭር። ይሄ የሞርታር ቅርጽ ነው። ሞርታር ጥይቱን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፣ ጥይቱም ከላይ ይወርዳል። የሚጠቅመው ከግንብ ጀርባ ያለ፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነገር ለመምታት ነው። ከተማ ከብበህ ከሆነ ግሩም ነው። ሜዳ ላይ ተበታትኖ ወደ አንተ የሚመጣ ወታደር ግን በእሱ አይመታም። አንዴ ተኩሰህ፣ አፈሙዙን ጠርገህ፣ ባሩድ ሞልተህ፣ ያን የሚያህል ጥይት እየተጋገዛችሁ ተሸክማችሁ እስክታጎርሱት ድረስ ሰውዬው አጠገብህ ደርሷል። የእንግሊዝ እግረኛ በዚያ ላይ የያዘው ስናይደር ነበር፤ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ።

ታዲያ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ በታች አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ምን ሆነ? የንጉሡ መድፎች ፋላ የሚባለው ኮረብታ አናት ላይ ነበሩ። ቦታው ለዓይን ያምራል፤ ሁሉን ታያለህ። መድፈኛ ግን እንዲህ ያለውን ቦታ አይወደውም። ከገደል አፋፍ ሆነህ ቁልቁል ስትተኩስ ርቀቱ ያሳስትሃል፣ ጥይቱ የሰዉን አናት እያለፈ ይሄዳል። እንደዚያው ሆነ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱም ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ጀግናው እግረኛ ያለ መድፍ ድጋፍ ወደ ሜዳ ወረደ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፣ ከዚያ የሚበልጥ ቆሰለ። ከእንግሊዝ 20 ሰው ቆሰለ፣ ከእነሱም የሞቱት ሁለት ናቸው።

እና ሴባስቶፖል አሥር ጊዜ ቢተኩስ ይሄን ቁጥር አይለውጠውም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ ያንን ብረት ከደብረ ታቦር መቅደላ ያደረሱት መንገድ እየቆረጡ ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት። ድንጋይ በእጃቸው እያነሱ፣ የጅዳን ገደልና የበሸሎን ሸለቆ እያሻገሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ የምህንድስና ሥራ የሠራ ጦር ስንት አለ? ከዚያስ? የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ጦር መጥቶ ወደ መቅደላ የመጨረሻውን ጉዞ የሄደው በዚያው መንገድ ላይ ነው። አርምስትሮንግ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ጭኖ፣ ከዙላ ወደብ ሐዲድ ሳይቀር ዘርግቶ መጣና ንጉሡ ለሴባስቶፖል በቀደዱት መንገድ ዘለቀ።

የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። እንግሊዞቹ ሲመለሱ ለትግራዩ ካሳ፣ በኋላ አጼ ዮሐንስ ለሆኑት፣ ላሳለፏቸው ውለታ ጥቂት መድፍና ሞርታር፣ ከ800 የሚበልጥ ጠመንጃም ሰጧቸው። ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ የነበረ ኪርክሃም የሚባል ሰው ደግሞ ቀርቶ ወታደሮቻቸውን አሠለጠነላቸው። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ፣ አሰም ወንዝ ላይ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ መጡባቸው። የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር ብዙ እጥፍ ነበር። ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። መድፉ ትንሽ ነበር፣ ሰዎቹ ግን እንዴት እንደሚተኮስ ያውቁ ነበር። በሦስት ዓመት ልዩነት ሁለት ምሳሌ ይኸውልህ። አንዱ ጋ ግዙፍ ብረት አለ፣ ተኳሽ የለም። ሌላው ጋ ትንንሽ ብረት አለ፣ የሠለጠነ ተኳሽ አለ። ሁለተኛው ጥያቄህን የምመልሰው በዚህ መነጽር ነው።

መድፍ እንዴት እንደሚሠራ ካላሳየሁህ ግን የቀረው አይገባህም። እኛ የተማርነው በሶቪየት መሣሪያ ነው። ዲ-30 የሚባለውን ውሰድ፤ 122 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ ብቻውን 22 ኪሎ ገደማ፣ የሚሄደው 15 ኪሎ ሜትር። ከፒያሳ ተነስተህ ቃሊቲ አካባቢ ማለት ነው። አሁን አስበው፤ ፒያሳ የቆመው ተኳሽ ቃሊቲን አያይም። ኢላማውን ሳያየው ነው ዕድሜውን የሚተኩሰው። የሚያይለት ሌላ ሰው አለ፤ አንድ ከፍታ ላይ በሆዱ የተኛ፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ መነጽርና ሬዲዮ የያዘ። ይሄ ተመልካች ነው የመድፉ ዓይን። ኢላማው ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ይናገራል። መሐል ላይ ያሉት ሰዎች፣ ድሮ በወረቀትና በሠንጠረዥ፣ ዛሬ በኮምፒውተር፣ አቅጣጫውንና ከፍታውን ያሰላሉ። አንድ መድፍ አንድ ጥይት ይተኩሳል።

ወደቀ። ተመልካቹ አቧራውን ያያል። ከኢላማው አልፏል፣ ትንሽ ወደ ግራ ነው። «ቀኝ 50፣ 400 ቀንስ» ይላል። ሁለተኛው ይተኮሳል። አሁን አጠረ። ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ አንዱ አልፏል፣ አንዱ አጥሯል፣ ስለዚህ ሰውዬው በሁለቱ መሐል አለ። «200 ጨምር»። እንደገና አለፈ። «100 ቀንስ»። አሁን ቀረበ፤ ባትሪው፣ ማለትም አብረው የሚተኩሱት ስድስት መድፎች፣ በሙሉ ይተኩሳል። እስካሁን የተተኮሰው አንድ አንድ ጥይት ነበር። አሁን ስድስቱም ባንድ ላይ። ጠላት ከመጀመሪያዋ ጥይት ጀምሮ ምን እየመጣ እንደሆነ ገብቶት ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል፤ ካልገባው አለቀለት። ለዚህ ነው ጥሩ ተመልካች በሁለት በሦስት ጥይት ጨርሶ ወደ ባትሪው ተኩስ የሚገባው፤ ሰነፉ ስድስት ሰባት ጊዜ ሲሞክር ሜዳው ባዶ ይሆናል።

ስሌቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የተኩስ ሠንጠረዥ የሚዘጋጀው አየሩ እንደ ባሕር ጠረፍ ነው ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ስስ አየር ጥይቱን አይዘውም፣ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ሠንጠረዡን እንዳለ ከተጠቀምክ ጥይትህ ኢላማውን አልፎ በመቶ ሜትሮች ይስታል። ሙቀትም አለ። ኦጋዴን ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ባሩድ ከጠዋቱ ባሩድ ይልቅ ፈጥኖ ይነዳል። ነፋስም አለ። እነዚህን ያላረመ ባትሪ የራሱን እግረኛ ሊመታ ይችላል፤ እግረኛም መድፈኛን የሚጠላው በዋናነት በዚህ ነው። ደግሞ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ኮንስታንቲኖፕል፣ የዛሬዋ ኢስታንቡል፣ 1453። ግንቧ ሺህ ዓመት ቆሟል፤ ስንቱ መጥቶ ተመልሷል። ኦርባን የሚባል የሃንጋሪ መድፍ ሠሪ መጀመሪያ የሄደው ወደ ከተማዋ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ ገንዘብ አልነበራቸውም። ወደ ሱልጣን መሐመድ ዞረ፤ ሱልጣኑ የጠየቀውን ሰጡት። ትልቁ መድፍ ግማሽ ቶን የሚመዝን ድንጋይ ይወረውር ነበር፣ ከኤድርኔ የጎተቱት 60 በሬዎች ናቸው። ግን ስማ፤ ያ መድፍ በቀን የሚተኮሰው ሰባት ጊዜ ገደማ ነበር። በመሐል ተከላካዮቹ የፈረሰውን በአፈርና በእንጨት ይደፍኑ ነበር። ከተማዋ የወደቀችው በ53 ቀን ነው፣ እሱም ብዙ መድፍ ባንድ ላይ ሳያቋርጥ ስለደበደባት። ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ረዥም ግንብ የሠራ ሰው ገንዘቡን ነው ያቃጠለው። በ1494 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ ስምንተኛ ቀላል መድፎች እየጎተተ ጣሊያን ሲገባ ሌላ ጊዜ ለወራት የሚከበቡ ምሽጎች በጣም ባጠረ ጊዜ እጅ ሰጡ። ጣሊያኖቹ ግንባቸውን ዝቅ አድርገው፣ በአፈር አወፍረው፣ ጠርዙን እንደ ኮከብ አሹለው መሥራት የጀመሩት ይሄን ካዩ በኋላ ነው።

እኛም ጋ በዚያው ዘመን መድፍ ደርሷል። ግራኝ አሕመድ ከኦቶማን ቱርክ ነፍጥ ተኳሾችና መድፍ አግኝቷል፤ በሌላ ወገን 400 ፖርቱጋሎች ከነመሣሪያቸው መጥተዋል። እዚህ ላይ አልቆይም፤ በዚያ ጦርነት የበለጠ የሠራው ነፍጡ ነው ብዬ ነው የማምነው።

መድፍ ሜዳ ላይ ንጉሥ የሆነው በናፖሊዮን ነው። ናፖሊዮን ራሱ መድፈኛ ነበር፤ በ1793 ቱሎን ላይ መድፎቹን የት እንደሚተክል ስላወቀ በ24 ዓመቱ ጄኔራል ሆነ። መንገዱን የጠረገለት ግን ግሪቦቫል የሚባል ሌላ መኮንን ነው። ይሄ ሰው ከ1765 ጀምሮ የፈረንሳይን መድፍ አቀለለው፣ መለኪያውን አንድ ዓይነት አደረገው፤ የአንዱ ጎማ ቢሰበር ከሌላው ተነቅሎ ይገጠማል። ተራ ነገር ይመስላል። ግን ጦር ሜዳ መሐል ጎማ የተሰበረበት ሰው ይግባኝ ይላል። በ1807 ፍሪድላንድ ላይ ሴናርሞን የሚባል ጄኔራል ከ30 በላይ መድፍ ይዞ ከእግረኛው ቀድሞ ሄደ፤ ተኩሶ ጠጋ፣ ተኩሶ ጠጋ፣ እስከ 150 ሜትር ያህል ድረስ። የሩሲያን እግረኛ ሰልፍ በደቂቃዎች ውስጥ በተነው። በሴባስቶፖል እንዲህ ልታደርግ ሞክር እስቲ።

እስከዚያ ድረስ ግን መድፍ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ሲተኮስ ከነሰረገላው እንደ ደነገጠ በሬ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ተኳሾቹ ገፍተው ይመልሱታል፣ እንደገና ያነጣጥራሉ። በ1897 ፈረንሳዮች 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ሠሩ። በዚህኛው የሚፈናጠረው አፈሙዙ ብቻ ነው፤ በዘይትና በአየር ግፊት ተይዞ ተመልሶ ቦታው ይገባል። ሰረገላው ንቅንቅ አይልም። በደቂቃ 15 ጥይት መተኮስ ተቻለ። ለእኔ በመድፍ ታሪክ ከኦርባን ግዙፍ መድፍ ይሄ ይበልጣል።

አድዋ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ ናት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣሊያን 56 መድፍ ይዞ ገባ፣ 56ቱንም አጣ። ለምን? መድፉ መጥፎ ስለነበር አይደለም። ብርጌዶቹ በሌሊት በተሳሳተ ካርታ ተበታትነው፣ አንዱ የሌላውን ባትሪ ሊደግፍ በማይችልበት ርቀት ላይ ነጋባቸው። አንዱ የብርጌድ አዛዥ አልበርቶኔ ብቻውን ቀረ። የእሱ አስካሪዎች ሲያፈገፍጉ የእኛ ሰዎች ከኋላቸው ተጣብቀው ደረሱ። ሌላው የብርጌድ አዛዥ አሪሞንዲ ጋ ያለው መድፈኛ ምን ያድርግ? ቢተኩስ የራሱን ሰው ይመታል። እጁን አጣጥፎ ጠበቀ፤ ቀና ሲል ጎራዴው አጠገቡ ነው። ይሄን እንደ ዕድል ብቻ የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን የእኛ እግረኛ መድፍን እንዴት እንደሚቀርበው ገብቶት ነበር እላለሁ፦ ከጠላት ጋር ተደባልቀህ ከገባህ መድፉ ዝም ይላል። በእኛ ወገንም ሆችኪስ መድፎች ነበሩ። ባልቻ አባ ነፍሶ መድፍ አገላባጭ የተባሉት በዚያ ቀን ነው፤ አዎ፣ ሆስፒታሉ በስማቸው የተሰየመው ባልቻ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ መቀሌ ምሽግ በመድፍ ተደብድቦ እምቢ ብሎ ነበር። የተንበረከከው እቴጌ ጣይቱ ውሃውን ካስያዙበት በኋላ ነው። መድፍ ሁሉን አይችልም።

በየካቲት 1928 ዓ.ም. አምባ አራዳም ላይ ግን ሂሳቡ ተገለበጠ። የጣሊያኑ አዛዥ ባዶሊዮ 280 ያህል መድፍ አሰለፈ፣ በላይ አውሮፕላን አለ። የራስ ሙሉጌታ ጦር መልስ የሚሰጥበት መድፍ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በመርዝ የተሞሉ ጥይቶችም ተተኩሰዋል። አድዋ ላይ የሠራው ጠጋ ብሎ መደባለቅ እዚህ አልሠራም፤ ጠጋ ለማለት በጥይት መጋረጃ ውስጥ ማለፍ ያስፈልጋል። ከዚህ ጦርነት ስለ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጥይት ቁጥር ግን ያን ያህል አልተጻፈም፣ መጻፍ ነበረበት።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ለብቻው ቀን ይፈልጋል። በዚያ ጦርነት ከተጎዳው ሰው ከግማሽ በላዩ የተጎዳው በመድፍ ነው፤ 60 ከመቶ ገደማ ይባላል። ስለዚህ ወሰነ ወይ ካልክ፣ ሰውን ጉድጓድ ውስጥ ያስገባውና ለአራት ዓመት ያስቀመጠው እሱ ነው። ግን እዚያም ብዛት ብቻውን አልሠራም። በ1916 ሶም ላይ እንግሊዞች አንድ ሳምንት ሙሉ 1.5 ሚሊዮን ጥይት አወረዱ። «ከዚህ በኋላ በሕይወት የሚተርፍ የለም» ብለው ሐምሌ 1 እግረኛውን አወጡት። በዚያ አንድ ቀን 57,470 ሰው ተጎዳባቸው፣ ከዚያ ውስጥ 19,240 ሞተ። ምክንያቱን ስታየው ያበሳጫል። አብዛኛው ጥይት ጉድጓድ የማይሰብር ፍንጣሪ በታኝ ነበር። ብዙው ሳይፈነዳ ቀረ። ጀርመኖቹ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ተቀምጠው ድብደባው እስኪያበቃ ጠበቁ፤ ሲያበቃ መትረየሳቸውን ይዘው ወጡ።

የሁለተኛው ጥያቄህ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ድምፁ ነው ወይ የሚያስፈራው ብለሃል። በአድዋ በዓል 21 ጊዜ ሲተኮስ የምትሰማው ባዶ ነው፤ ባሩድ እንጂ ጥይት የለውም፤ ያም ሆኖ ደረትህን ይመታሃል። እውነተኛው ሲሆን ሰው ቀና ማለት ያቅተዋል። የመድፍ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፦ ጠላትን አንገት ማስደፋት፣ የእኛ እግረኛ እስኪደርስ ድረስ። ስለዚህ ማስፈራት ራሱ ሥራው ነው፤ ድብደባው ካበቃ እስከ እግረኛው መድረስ ያለው ክፍተት ግን ሰኮንድ እንጂ ደቂቃ መሆን የለበትም። ከሶም በኋላ ይሄን ተማሩ። የጥይቱ መስመር ትንሽ ትንሽ እያለ ወደፊት ይሄዳል፣ እግረኛው ከኋላው ይከተለዋል። በ1917 መጨረሻ ካምብሬ ላይ ደግሞ 1,000 ያህል መድፍ ያለ አንድ የማስተካከያ ጥይት በድንገት ተኮሰ። ያን የሙከራ ተኩስ ያስቀሩት በስሌት ነው፤ የአየሩን ሁኔታ ለክተው፣ እያንዳንዱን አፈሙዝ ፈትሸው። የጠላትን መድፍ ቦታ ደግሞ በድምፅ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ይሄን ዘዴ ያሳደገው ሎውረንስ ብራግ በ25 ዓመቱ የፊዚክስ ኖቤል ያገኘ ሰው ነው። የሳይንስ ቀለም የነካው ልጅ ጦርነት ላይ ምን ይሠራል ለሚሉ መልስ ይሁናቸው።

ከዚያ ሁለተኛው ጦርነት፣ ስታሊንግራድ፣ በርሊን፤ ሶቪየቶች መድፍን የጦርነት አምላክ ያሉበት ዘመን። እሱን ልዝለለውና ከሴባስቶፖል ጋር ወደሚነጻጸረው ልሂድ፦ ዲየን ቢየን ፉ፣ ቬትናም፣ 1954። ፈረንሳዮች ሸለቆ ውስጥ ሰፈሩ። ጠላት በዚህ ተራራና ጫካ ላይ ከባድ መድፍ ማውጣት አይችልም፣ ቢያወጣም ጥይት አይኖረውም፣ ቢተኩስም ወዲያው እናጠፋዋለን አሉ። የቬትናሙ ጄኔራል ጂያፕ መድፎቹን በሰው ጉልበት፣ በገመድ፣ አቀበት አስወጣ። እስከዚህ ድረስ የአጼ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጂያፕ መድፎቹን ተራራው ውስጥ ቆፍሮ ቀበራቸው፤ የሚታየው አፋቸው ብቻ ነው። ጥይቱን ሳይተኩስ አከማቸ፣ ሩዙንም ጥይቱንም በብስክሌትና በትከሻ አስመጣ። ተመልካቾቹ ሸለቆውን ቁልቁል ያዩታል። መጋቢት 13 ተኩስ ሲከፍት ፈረንሳዮቹ ከየት እንደሚተኮስ እንኳን ማወቅ አቃታቸው። የመድፈኞቻቸው አዛዥ ኮሎኔል ፒሮት ከሁለት ቀን በኋላ ራሱን በቦምብ አጠፋ። ምሽጉ በግንቦት መጀመሪያ ወደቀ። ጦርነቱን የወሰነ መድፍ ካልከኝ ይሄን ነው መጀመሪያ የምጠራልህ።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቸርችልን ቁልቁል ብትወርድ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት የቆመውን ትግላችን ሐውልትን ታገኛለህ። የካራማራ ጦርነት የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። እዚያ ዘመን ነው የእኛ ሰው ቢኤምን የለመደው። ቢኤም-21 በመኪና ላይ የተጫኑ 40 ቱቦዎች ናቸው፤ 40ውንም ሮኬት በ20 ሰኮንድ ይጨርሳል፣ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንደ ዲ-30 አንድን ጉድጓድ ለይቶ አይመታም። ሥራው አንድን ሜዳ ባንድ ጊዜ መሸፈን ነው። መሬት ላይ ሆኖ ያየው ሰው አይረሳውም። አንዴ ከተኮሰ ግን እንደገና ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጭሱም ቦታውን ያሳብቅበታል፤ ስለዚህ ተኩሶ መሮጥ አለበት። በዚያ ጦርነት ኩባዎችም ከነመድፋቸው አብረውን ነበሩ። ፖለቲካው ይቅርብኝ።

ወደ ድሮን እንምጣ። በ2020 ካራባክ ላይ የአዘርባጃን ድሮኖች የአርሜንያን መድፍ ሜዳ ላይ እያሳደዱ ሲመቱ ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። «መድፍ አበቃለት» የሚለው ወሬ የተጋጋለው ከዚያ ወዲህ ነው። ቪዲዮውን ደግመህ እየው። አብዛኛው መድፍ ሳይደበቅ፣ ተጠጋግቶ፣ በላዩ የአየር መከላከያ ሳይኖረው የቆመ ነው። እንዲህ የቆመ መድፍ በ1916ም ይሞት ነበር።

ዩክሬን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ድሮን ከሁሉ በፊት የመድፍ ዓይን ሆነ። ያ በሆዱ ተኝቶ አቧራ የሚያየው ተመልካች፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው፤ አሁን ሥራውን በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ድሮን ይሠራለታል። ጥይቱ ሲወድቅ ከላይ በስክሪን ይታያል፣ እርማቱ ወዲያው ይነገራል። ያን «400 ቀንስ፣ 200 ጨምር» የሚለውን ውጣ ውረድ አሳጠረው። የጠላት ድሮንም ያንተን መድፍ ያያል። ስለዚህ ድሮ ስድስት ሆኖ ይቆም የነበረው ባትሪ ዛሬ አንድ አንድ ሆኖ ተበትኖ፣ በዛፍና በመረብ ተሸፍኖ፣ ጥቂት ተኩሶ ይሰወራል። ፈንጂ የተሸከመ ትንሹ ድሮንም የመድፍን ሥራ ከፊሉን ወስዷል፤ ይሄን አልክድም። ለብቻው የሚሮጥ ተሽከርካሪ ለመምታት ከመድፍ ይሻላል።

ሁሉን ግን አልወሰደም። ትንሹ ድሮን የሚሸከመው ጥቂት ኪሎ ነው፤ የ155 ሚሊ ሜትር ጥይት 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ድሮን በዝናብ፣ በጉምና በኃይለኛ ነፋስ ይቸገራል፣ ሬዲዮውም ይታወካል። ከአፈሙዝ የወጣ ተራ ጥይት ሬዲዮ የለውም፤ ምኑን ታውክበታለህ? ሌሊትም ጉምም ቢሆን ይደርሳል።

ይልቅ መድፍን ያስጨነቀው የድሮው በሽታ ነው፣ ጥይት። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 2023 ለዩክሬን በ12 ወር አንድ ሚሊዮን ጥይት እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ፋብሪካ ያለው፣ ገንዘብ ያለው አህጉር ነው። ቀኑ ሲደርስ የተሰጠው ግማሹ ገደማ ነበር፤ የቀረው እስከ 2024 መጨረሻ ቆየ። መድፉ ነበር፣ ድሮኑም ነበር፣ ተኳሾቹም ጎበዞች ናቸው፤ በቀን ስንት ጥይት ትተኩሳላችሁ የሚለው ግን ከግንባሩ ይልቅ ባሩድና ፈንጂ በሚሠሩ ፋብሪካዎች ውስጥ ነበር የሚወሰነው።